ሳያድጉ ማርጀት

ስለ ውሻ ልንጽፍ ነው ስንል የሚስቅብን አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ፤ አንቀየመውም። ስለ ፍቅር፣ ስለ አገርና ስለ ሞት የሚጽፉ ጓደኞች ሞልተውናል፤ ስለ ሲኒየር ግን እኛ ካልጻፍን የሚጽፍ የለም። ደግሞም ዕዳ አለብን። የዕዳውን ነገር ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ሲኒየርን ለማታውቁ የዘንድሮ ፍሬሾች፦ ከካፍቴሪያው ጀርባ፣ ድስቶቹ ከሚታጠቡበት ገንዳ አጠገብ ይተኛ የነበረ ቡናማ ውሻ ነው። አንዱ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ፤ በአፍንጫው ዙሪያ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። እኛ ሻንጣችንን እየጎተትን ስንገባ እሱ በሩ ላይ ነበረ፤ ከኛ ሦስት ዓመት ቀድመው የገቡትም እነሱ ሲገቡ እንደ ነበረ ይምላሉ። ተማሪው ሁሉ እየተመረቀ ሲሄድ እሱ አይመረቅም፣ አይሄድምም። ስሙ የወጣለት ከዚህ ነው።

«እኛ» የምንለው አራት ሰዎችን ነው። በሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ አምፑል የምንኖር አራት። ሦስታችን የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች ነን፤ አራተኛው የባዮሎጂ ተማሪ ሲሆን እንዴት ከኛ ጋር እንደ ተመደበ እሱም እኛም አናውቅም። ሲኒየርን በተራ እንመግበው ነበር፤ የተረፈ እንጀራ፣ ሽሮ የነካው ዳቦ፣ የበዓል ዕለት ደግሞ አጥንት። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ እሱም ብድሩን ለመመለስ ማታ ማታ በሕንፃችን በር ላይ ይጮህልን ነበር። በሚያልፍ ሰው ይጮኻል፣ በሚያልፍ መኪና ይጮኻል፣ ምንም ካላለፈ በነፋሱ ይጮኻል።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደጅ ተቀምጠናል። ይኸ ሽበታም ሽማግሌ መጣና በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን አሳየን። ቀጥሎ ተነሥቶ የታሪኩን ተማሪ አፍ ላሰ። ቀጥሎ የአንዳችንን ነጠላ ጫማ ነጥቆ ሮጠ፤ ርቆም አልሄደ፣ ቆም ብሎ «አባሩኝ እንጂ!» በሚል ዓይን አየን።

«ኧረ ይኸ ሰውዬ መቼ ነው የሚያድገው?» አለ የታሪኩ ተማሪ አፉን በእጅጌው እየጠረገ።

«አያድግም» አለ የባዮሎጂው ጓደኛችን። «ውሻ ማለት እኮ ሳያድግ የሚያረጅ ተኩላ ነው።»

ጫማው ተረሳ። ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ «እንዴት?» አልን፤ ያን ማታ የተጀመረው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

መቼም አብዛኞቻችን ተኩላን የምናውቀው የበግ ለምድ ለብሶ በስብከት ውስጥ ሲያልፍ ነው። ጓደኛችን የሚለው ተኩላ ግን በአውሮጳ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ዱርና በረዶ ላይ የሚኖረው ግራጫው ተኩላ ነው። የኛው የባሌና የስሜን ቀይ ቀበሮ ዘመዱ ቢሆንም የውሻ አባት አይደለም። ውሻ የወጣው ከጥንቱ ግራጫ ተኩላ ነው።

የተኩላ ግልገል ልክ እንደ ሲኒየር ነው። ይጫወታል፣ ያላዝናል፣ ይጮኻል፣ ሆዱን ገልጦ ይንጋለላል፣ ታላላቆቹ ከአደን ሲመለሱ ሮጦ አፋቸውን ይልሳል። አፍ የሚልሰው ለመሳም እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ተኩላ ሥጋውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ግልገሉ የአፉን ዳርና ዳር ሲልስለት ሆዱ ይገለበጥና ያወጣለታል። ስለዚህ መላሱ «አብላኝ» ማለት ነው። ከዚያ ግልገሉ ያድጋል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ሲሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ የራሱን መሬትና የራሱን ጓደኛ ፍለጋ ይወጣል። ያደገ ተኩላ ይጮኻል ቢባል ከስንት አንዴ፣ አደጋ ሲያይ፣ ባጭሩ ነው። አዲስ ነገር ሲያይ ደግሞ መጠርጠርና መሸሽ ይቀናዋል።

ውሻ ግን እዚያ አይደርስም። ጩኸቱን፣ ጨዋታውን፣ ማላዘኑን፣ አፍ መላሱን ይዞ ይወልዳል፣ ይዞ ይሸብታል፣ ይዞ ይሞታል። ይኸን ሳይንሱ ኒዮተኒ ይለዋል። የቋንቋ ተማሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል አግኝቶ ዝም አይልም፤ መተርጎም አለበት። አንዳችን «ጨቅላነት» አልን፤ ስድብ ይመስላል ተብሎ ወደቀ። ሌላችን «ዕድገት ማጣት» አልን፤ እሱ ደግሞ በሽታ ሆነ። በመጨረሻ «ልጅነትን ይዞ ማደግ» በሚለው ተስማማን። ረዝሟል፣ ግን እውነት ነው።

የአፍ መላሱን ምሥጢር በሰማን ማግሥት እሑድ ነበር። እሑድ ከቤተሰብ ጋር በስልክ የምንነጋገርበት ቀን ነው። «እማዬ፣ ደህና ነሽ? አባዬ ደህና ነው? ዝናቡስ? ላሚቱስ ወለደች?» እያልን ስንዞር ስንዞር ቆይተን መጨረሻው ላይ «እኔ እምልሽ… ትንሽ ብር ብታገኙ…» እንላለን። ያን ቀን የፍልስፍናው ተማሪ ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ የባዮሎጂው ጓደኛችን ቀና ብሎ አየውና «ላስክ?» አለው። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ለቤተሰብ መደወል «መላስ» ነው የሚባለው። ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ትንሽ ዝም አልን። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው፣ በሌላ ሰው እጅ የሚበላ፣ የሚቀጥለውን ዓመት የማያውቅ፣ «ሰው እሆናለሁ» እያለ የሚኖር፤ እኛም እኮ ልጅነትን ይዘን ነው ያደግነው።

እንግዲህ ይኸ ነገር እንዴት መጣ? ጓደኛችን የሳይቤርያን ቀበሮዎች ታሪክ ነገረን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት ኖቮሲቢርስክ ላይ አንድ ሙከራ ጀመረ። ዘመኑ በዚያች አገር በዘር ውርስ ሳይንስ መመራመር አደገኛ የነበረበት ዘመን ነበር፤ የቤልያዬቭ ታላቅ ወንድም ራሱ የዘር ውርስ ተመራማሪ ሆኖ በ1937 ተገድሏል። ቤልያዬቭ ለቆዳቸው የሚረቡ ብርማ ቀበሮዎችን ወሰደና በአንድ መለኪያ ብቻ መረጣቸው፤ እጅ ሲዘረጋላቸው ማን ይነክሳል? ማን ይሸሻል? ማን ይታገሣል? በእያንዳንዱ ትውልድ የታገሡትን ጥቂቶች ብቻ ያራባል። ጆሮ አልመረጠም፣ ጭራ አልመረጠም፣ መልክ አልመረጠም። በአራተኛው ትውልድ አንዳንዶቹ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን ቆሉ። በስድስተኛው ትውልድ ሰው እንዲነካቸው የሚያላዝኑ፣ እጅ የሚልሱ ተወለዱ። ቀጥሎም ጆሯቸው የታጠፈ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ነጥብ ያለባቸው መጡ። ቤልያዬቭ በ1985 ሲሞት ሥራውን ከመጀመሪያው አብራው የነበረችው ሉድሚላ ትሩት ቀጠለች፤ እሷም በ2024 እስክትሞት ድረስ ከቀበሮዎቹ አልተለየችም።

ትልቁ ነገር የፍርሃት ሰዓቱ ነው። ያልተመረጠ የቀበሮ ግልገል በስድስት ሳምንቱ ገደማ አዲስ ነገር መፍራት ይጀምራል። የተመረጡት ዘሮች ላይ ግን ፍርሃቱ እስከ ዘጠኝ ሳምንትና ከዚያም በላይ ዘገየ። ያቺ በመካከል የተገኘች ጥቂት ሳምንት ናት ሰውና ቀበሮን ያስተዋወቀቻቸው። በውሻና በተኩላ መካከልም እንዲሁ ያለ የሰዓት ልዩነት አለ። ካትሪን ሎርድ የተባለች ተመራማሪ በ2013 እንዳሳየችው፣ የተኩላ ግልገል ገና በሁለት ሳምንቱ፣ ዓይኑ ሳያይ ጆሮውም ሳይሰማ፣ በማሽተት ብቻ እየተመራ ዙሪያውን መቃኘት ይጀምራል። ቡችላ ግን በአራት ሳምንቱ፣ ዓይኑም ጆሮውም ሠርተው፣ ዓለምን በሙሉ ስሜቱ ነው የሚቀበለው። የተቀበለውን ደግሞ «የኔ» ይለዋል፤ በግ ቢሆን በግ፣ ሰው ቢሆን ሰው።

ጓደኛችን የሚወደድበት አንድ ነገር ቢኖር የራሱን አባባል ራሱ መልሶ መፈተሹ ነው። ሳምንት ሳይሞላው መጥቶ «ያንን ነገር አብዝቼው ነበር» አለን። ለካ የቀበሮዎቹ አያቶች ቀድሞውኑ ካናዳ ውስጥ በእርባታ የኖሩ ስለ ነበሩ አንዳንዱ ለውጥ ኖቮሲቢርስክ ከመድረሳቸው በፊት ሳይጀምር አልቀረም የሚል ጥናት በ2019 ወጥቷል። የራስ ቅልን የለኩ ሰዎችም በ2011ና በ2017 ባወጡት ሥራ የውሻ ራስ ቅል የተኩላ ግልገል ራስ ቅል ቅጂ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ብዙው የራሱ አዲስ መልክ ነው። ደግሞ ውሻ በአንዳንድ ነገር ከተኩላ ይቀድማል፤ ተኩላ ለመውለድ ሁለት ዓመት ገደማ ሲፈጅበት አብዛኛው ውሻ ዓመት ሳይሞላው ይደርሳል። ከዘር ዘርም ይለያል። በ1997 እንግሊዞች አሥር የውሻ ዘሮችን ወስደው ተኩላ በጠብ ጊዜ የሚያሳያቸውን 15 ምልክቶች ቢፈልጉባቸው፣ ተኩላ መሳዩ የሳይቤርያ ሃስኪ 15ቱንም ሲያሳይ፣ ያቺ ፊቷ የሕፃን የሚመስለው ትንሿ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ሁለት ብቻ ቀርተዋታል። መቆጣትን እንኳ ረስታለች ማለት ነው።

«ታዲያ ልጅ ነው አይደለም?» አለው የታሪኩ ተማሪ፤ እሱ ነገር ሲወሳሰብ አይወድም።

«አእምሮው ብዙውን ልጅ ነው፤ ሰውነቱ እንደ ነገሩ ነው» አለ። «እንደ አንተ በለው።»

አሁን ወደ ጣሳው እንሂድ። በ2003 የቡዳፔስት ተመራማሪዎች በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎችንና ውሾችን አቅርበው ሥጋ ያለበትን ዕቃ መክፈት አስተማሯቸው። ሁለቱም ተማሩ። ቀጥሎ ዕቃውን ጭራሽ እንዳይከፈት አድርገው ሰጧቸው። ተኩላዎቹ ከዕቃው ጋር ትግላቸውን ቀጠሉ። ውሾቹ ግን ጥቂት ሞክረው ዞር ብለው የሰውየውን ፊት አዩ። እኛም የሳይንስ ሰው ለመሆን አማረንና የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አጥንት ጨምረን ክዳኑን በሽቦ አስረን ለሲኒየር ሰጠነው። አሸተተ፤ በጥፍሩ ጫረ፤ ነከሰው፤ ገለበጠው፤ አንከባለለው። ከዚያ ተቀመጠና ዞር ብሎ አየን። አራታችንንም በተራ በተራ። ውስጠኛው የቅንድቡ ጫፍ ወደ ላይ ተነሣ፤ ዓይኑ ተለቅ አለ። ይህን የሚያነሣው ጡንቻ በውሻ ላይ ጎልቶ የሚገኝ፣ በተኩላ ላይ ግን ከጥቂት ጭረት በቀር የሌለ መሆኑን በ2019 የታተመ ጥናት ገልጧል። እኛ ግን ያን ጊዜ ጡንቻ አላየንም፤ ያየነው «እናንተ አላችሁ አይደል?» የሚል ፊት ነው። ሙከራው ግማሽ ደቂቃም አልቆየ፤ ሽቦውን ፈታንለት። ከአራታችን ማን ቀድሞ እንደ ተነሣ እንኳ አናስታውስም።

የፍልስፍናው ተማሪ ያን ማታ አልተኛም። «ይኸ ነገር ድክመት ነው ወይስ ጸጋ?» ይላል በጨለማ። ተኩላው አይለምንም፤ ግን አይማርምም፤ ማለት ከማያውቀው ጋር አይወዳጅም። ውሻው ይለምናል፤ ግን ጭንቅ ሲመጣ የሌላን ፊት ማየት ያውቃል። የሰውን ልጅም እንዲሁ የሚሉት አሉ። የ1973ቱ የኖቤል ተሸላሚ ኮንራድ ሎሬንዝም ሆነ በ1977 ትልቅ መጽሐፍ ያወጣው አሜሪካዊው ስቲቨን ጄይ ጉልድ ሰው ራሱ ልጅነቱን ያላስረከበ ፍጡር ነው ብለዋል። ትልቅ ጭንቅላት፣ ጠፍጣፋ ፊት፣ ረጅም የትምህርት ዘመን፣ እስከ እርጅና የማያልቅ ጨዋታና ጥያቄ። በስተርጅና ግጥም የሚጽፍ ሰው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ሽበት ያለው ቡችላ ነው። ይህችን መጽሔት ከጥናት ሰዓታችን ሰርቀን የምናዘጋጀው ሰዎችስ?

ስለዚህ «ጸጋ ነው» ብለን ተኛን። ነገሩን ገና ግማሹን ነበር ያወቅነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ አንድ የፍሬሽ ተማሪ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ውሻ ነከሰው። ሲኒየር አልነበረም፤ ልጁ ራሱ «ጥቁር ነው» ብሏል። ቀልድ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ሰውን ከሚይዘው ውስጥ ከመቶ 99 ያህሉም ከውሻ የሚመጣ ነው። ልጁ መርፌውን ለመጨረስ ስንት ቀን እንደ ተመላለሰ አይተናል። ከሳምንት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች እስከ ዓርብ ድረስ ከግቢው ይወገዳሉ ይላል። «ይወገዳሉ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለመተርጎም የቋንቋ ተማሪ አያስፈልግም።

ወረቀቱን ያነበብነው ማክሰኞ ነው። አራታችንም አነበብነው። ማታ ተሰበሰብን። «ባለቤቱ እኛ ነን ብለን እንጻፍ» አለ አንዱ። «ማነው የሚፈርመው?» አለ ሌላው። «የተማሪዎች ኅብረት ዝም አይልም» ተባለ። «መምህራኑ አንድ ነገር ማለታቸው አይቀርም» ተባለ። «እናስከትበው፤ አንገቱ ላይ ማሠሪያ እንሰርለት» ተባለ፤ ክትባቱ የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚፈጅ የባዮሎጂው ጓደኛችን እንዲጠይቅ ተወሰነ፤ እሱ ደግሞ ረቡዕ ፈተና ነበረበት። ረቡዕ ሁላችንም ፈተና ነበረብን። ሐሙስ የኅብረቱን ሰዎች ፈለግን፤ እነሱም ከበላይ የሚመጣ ነገር እየጠበቁ ነበር። ልብ አድርጉ፤ ማንም አልከለከለንም። ማንም «አትጻፉ» አላለንም። ጣሳው ተቆልፎብን ነበርና፣ ዞር ብለን የማንን ፊት እንደምናይ ስንፈልግ ሦስት ቀን አለፈ።

ዓርብ ጠዋት ከገንዳው አጠገብ ማንም አልነበረም።

የበሩን ዘበኛ አባባን ጠየቅናቸው። ሌሊቱን እሳቸው ነበሩ ተረኛው። መጀመሪያ መናገር አልፈለጉም፤ በትራቸውን መሬት ላይ እያሻሹ ቆዩ።

«ሌሎቹ ሸሹ» አሉ በመጨረሻ። «ያ ጥቁሩ ገና መኪናውን ሲያይ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣ። ያቺ እርጉዟም ሄደች። እሱ ግን ሲጠሩት መጣ። ጭራውን እየቆላ መጣ። ሥጋውን ከእጃቸው ነው የተቀበላቸው።»

ዝም አልን። አባባም ዝም አሉና፣ ሊያጽናኑን ይመስለናል፣ «ምን ታረጉ ልጆቼ፤ ሰው አስለምዳችሁት ነበር፤ ሰውን ክፉ ነው ብሎ አያስብም» አሉ።

አማርኛችን እንዲህ ነው። ለመደ፣ ተላመደ፣ አስለመደ፤ ከዚያ ለማዳ። ለማዳ የሚባለው በራሱ የሆነ ነገር አይደለም፤ ያስለመደው ሰው አለ። አስለማጁ ማነው ብለን ስንፈልግ አራት ስም አገኘን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሯችን አልወጣ አለ። ቤልያዬቭ የሚታገሠውን እየመረጠ አራባ። በዚያች ሌሊት የተጣለው መርዝ ደግሞ የሚታገሠውን እየመረጠ ገደለ። የሸሸው ተረፈ፤ የሚጠረጥረው ተረፈ፤ የነከሰውም ተረፈ። ለክትባት ሊያዝ የሚችለው፣ ጎንበስ ብላችሁ አንገቱን ብትይዙት ዝም የሚለው እሱ ነው የሞተው። የሳይንሱ ሰዎች ምክርም ወዲህ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታውን የሚያቆመው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ነው፤ መግደል ብቻውን አያቆመውም፤ ክፍተቱን ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይሞላዋል። ነገሩ የውሻና የሰው ብቻም አይደለም። ባሌ ተራራ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያና ኋላም በ2003 ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። በዓለም ላይ ያሉት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ከ500 አይበልጡም። እዚያም ዋናው መፍትሔ የሆነው ክትባት ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ በ1914 ድንጋይ ሲፈለጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው የተቀበሩበት መቃብር ተገኘ፤ ዕድሜው ወደ 14 ሺህ ዓመት የሚጠጋ። ከነሱ ጋር ውሻ ነበረ። ውሻ ለመሆናቸው ክርክር ከማይነሣባቸው አጥንቶች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። ጥርሱን የመረመሩ ሰዎች በ2018 እንደ ጻፉት፣ ሰባት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ነበረ፤ በከባድ የውሻ በሽታ ተይዞ ሳምንታት ተኝቷል፤ ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ባልቆየ ነበር። ያ ቡችላ ታሞ ለማንም አይጠቅምም፤ አያድንም፣ አይጠብቅም። ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው ነበር፤ ሰውየውም ተነሣ። ማስታወቂያ ሰሌዳም፣ ኅብረትም፣ የበላይም አልነበረው።

እኛ ጸጋ ያልነው ነገር ግማሹ እዚህ ነው ያለው። ልጅነትን ይዞ ማደግ የሚያምረው ቢያንስ አንድ ያደገ ሰው ሲኖር ነው። ሲኒየር ዞር ብሎ ሲያየን ያደጉ ሰዎች ያየ መስሎት ነበር። ያየው አራት ቡችላ ነው።

ልቅሷችንን ልንነግራችሁ አይደለም ይህን የጻፍነው። አባባ «እርጉዟ» ያሏት ውሻ ተመልሳ መጥታለች። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከአሮጌ ወንበሮቹ ክምር ሥር ወልዳለች፤ ሁለት ቡችሎች አሉ። እሷ ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች። እነሱ ግን ገና አምስት ሳምንታቸው ነው። ሰዓቱን አስቡት፤ ሰውን «የኔ» የሚሉባት በር አሁን ተከፍታለች፤ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ትዘጋለች። አንዱ፣ ጆሮው ገና ያልቆመለት፣ ትናንት የታሪኩን ተማሪ ጣት ላሰ።

እጁን ቶሎ ሰበሰበ። «አናስለምዳቸው» አለ። «ይሽሹ። የሚሸሽ ይተርፋል።»

ይኸን ክርክር ሁለት ማታ ተከራከርን፤ ዘንድሮ ካደረግናቸው ክርክሮች ሁሉ ሳቅ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የደረስንበት ይኸ ነው። ወይ ባለቤት እንሆናለን፣ ወይ አንጠራቸውም። በመካከል ያለው፣ ትራፊ እየጣሉ፣ ስም እያወጡ፣ ሆድ እያሻሹ፣ ወረቀት ሲለጠፍ ግን ዞር ብሎ ሌላ ሰው መፈለግ፤ እሱ ክፉ ነገር ነው። ከመርዙ ይብሳል ለማለት አንደፍርም፤ ለመርዙ ግን መንገድ የጠረገው እሱ ነው።

ባለቤት እንሆናለን ብለናል። ደብዳቤ ጽፈናል፤ ሁለቱ ቡችሎች ባለቤት እንዳላቸው፣ ሦስት ወር ሲሞላቸው እንደምናስከትባቸው፣ አንገታቸው ላይ ማሠሪያ እንደምናደርግላቸው፣ እናቲቱንም መያዝ ከተቻለ እንዲሁ እንደምናደርግ ይላል። ገንዘቡንም መሰብሰብ ጀምረናል፤ ለዚህ ግን ወደ ቤት ደውለን አልላስንም። ስንመረቅ ማን ይረከባቸዋል የሚለው ቀርቷል። ለዚህ ነው ይህ ጽሑፍ በተለይ ለፍሬሾች የሆነው።

ደብዳቤው ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ነው። አራት ስም ተፈርሞበታል፤ ከአራቱ በታች ቦታ አለ። ሰኞ ጠዋት ይገባል። ከዚያ በፊት እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።